የሩቅ እጅ

ሰው በገዛ እጁ የሠራውን ሥራ፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ «የኔ ነው» ብሎ ለመቀበል ብዙ አይቸገርም። በዱላ የመታ ሰው የምቱ ስሜት በእጁ ላይ ይቀርበታል፤ ለተራበ እንጀራ የቈረሰም ሰው የተቀባዩን ፊት አይቶ ይሄዳል። ዳሩ ግን እጁ ሳይነካ፣ ዓይኑ ሳያይ፣ እግሩም ሳይረግጥ፣ ከሩቅ ሆኖ ያሠራውን ሥራ ሰው የራሱ አድርጎ ይቈጥረዋልን? ሊቈጥረውስ ይገባዋልን? በዚች አጭር ጽሑፍ ልመረምረው ያሰብሁት ጥያቄ ይህ ነው።

ጥያቄው እንደ ሰው ልጅ ታሪክ ያረጀ ነው፤ ነገር ግን በዘመናችን አዲስ ልብስ ለብሶ መጥቷል። ወደ ቤቴ ይዞት የገባው የወንድሜ ልጅ ነው። ይህ ልጅ በዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ትምህርት ይማራል። በዕረፍት ጊዜው ሊጠይቀኝ መጥቶ ቡና ስንጠጣ ከኪሱ ስልኩን አወጣና አንድ ተንቀሳቃሽ ሥዕል አሳየኝ። መሬቱ ቀይ ነው፤ በላዩም እንደ ቤት የገዘፉ መኪናዎች ድንጋይ ተሸክመው ይመላለሳሉ። ዓይኔን አጥብቤ ወደ ነጂው መቀመጫ ብመለከት ማንም የለበትም።

«ጋሼ፣ ነጂውን እየፈለጉት ነው?» አለኝ እየሳቀ።

«አዎን፤ ወዴት ሄደ?» አልሁት።

«ነጂ የለውም። የሚጠብቁት ሰዎች ከዚያ 1500 ኪሎ ሜትር ርቀው፣ በከተማ ውስጥ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል» አለኝ።

እኔ በወጣትነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁ፣ ከዚያም ዕድሜዬን በአስተማሪነት የጨረስሁ ሰው ነኝ፤ ስለ መኪና ብዙ አላውቅም። ስለዚህ አስረዳኝ ብዬ ያዝሁት። ከዚያ ቀን በኋላም በራሴ እያነበብሁ ነገሩን ተከታተልሁት። እንዲህ ነው።

በምዕራብ አውስትራልያ ፒልባራ የሚባል፣ የብረት ድንጋይ በብዛት የሚቈፈርበት፣ ሰፊና እጅግ ሞቃት አገር አለ። ሪዮ ቲንቶ የተባለው ኩባንያ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. ነጂ የሌላቸውን የጭነት መኪናዎች በዚያ መሞከር ጀመረ፤ (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው)። በ2010 ደግሞ በፐርዝ ከተማ አንድ ትልቅ የመቈጣጠሪያ አዳራሽ ከፈተ። ከአዳራሹ እስከ ማዕድኑ ያለው ርቀት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ መቀሌ ደርሶ የመመለስን ያህል ነው። እያንዳንዱ መኪና ወደ 300 ቶን የሚጠጋ ድንጋይ ይሸከማል። መንገዱን የሚያውቀው ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት ነው፤ ከፊቱ ያለውን ዕንቅፋት የሚለየው በራዳርና በጨረር ነው፤ ያልታሰበ ነገር ቢገጥመው ይቆማል። በፐርዝ ያሉት ሠራተኞች መሪ አይጨብጡም። እንደ ቴሌቪዥን ባለ ስክሪን ፊት ተቀምጠው ብዙ መኪናዎችን ባንድ ጊዜ ይጠብቃሉ፤ ሥራ ያከፋፍሏቸዋል፤ የቆመውንም መርምረው ያስነሣሉ። ይኸው ኩባንያ በ2018 ዓ.ም. 28,000 ቶን ያህል የብረት ድንጋይ የጫነ ባቡር ያለ ነጂ 280 ኪሎ ሜትር ያህል አስጉዞ ወደብ አድርሷል።

በምድር ሆድ ውስጥም እንደዚሁ ነው። በስዊድን አገር በኪሩና፣ ከ1000 ሜትር በላይ ጥልቀት ባለው የብረት ማዕድን ውስጥ፣ ድንጋይ የሚያመላልሱት ባቡሮች ነጂ የላቸውም። ጣራው ገና ባልተደገፈና ሊናድ በሚችል ዋሻ ውስጥ ድንጋዩን የሚዝቁትም መኪናዎች በብዙ አገር ከሩቅ ይታዘዛሉ፤ አዛዡ በካሜራ እያየ በእጁ ትንሽ በትር ያንቀሳቅሳል፤ መኪናው ይታዘዘዋል።

የወንድሜ ልጅ ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ በዚህ ነገር ምን ክፋት ሊገኝበት ይችላል? መኪናው ቢሰበር ሌላ ይገዛል፤ ሰው ቢሰበር ግን ሌላ አይገዛም» አለኝ። ንግግሩ ደስ አሰኘኝ። ወጣት ሰው የሰውን ሕይወት ከብረት አብልጦ ሲመዝን መስማት ለአሮጌ አስተማሪ ትልቅ ደመወዝ ነው።

እውነቱንም ነው። የማዕድን ሥራ ከጥንት ጀምሮ የሞት ጎረቤት ሆኖ የኖረ ሥራ ነው። መጽሐፈ ኢዮብ በ28ኛው ምዕራፍ ብርና ወርቅ ፍለጋ ወደ ምድር ውስጥ ስለሚወርዱ፣ ከሰውም ርቀው ስለሚንጠለጠሉ ሰዎች ይናገራል። በሰሜን ፈረንሳይ በኩርዬር የድንጋይ ከሰል ማዕድን በማርች 1906 የከሰሉ ብናኝ ተቀጣጥሎ በፈነዳ ጊዜ 1,099 ሰዎች ባንድ ቀን አለቁ፤ ከነዚህም ውስጥ ልጆች ነበሩባቸው። በእንግሊዝ አገር ቈፋሪዎች ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ በቀፎ ይዘው ይወርዱ ነበር፤ መርዘኛ ጋዝ ሲኖር ወፏ አስቀድማ ስለምትወድቅ እነሱ ሮጠው ያመልጣሉ። ይህ ልማድ እስከ 1986 ድረስ ቈይቷል። በቺሌ አገር በ2010 የሳን ሆዜ ማዕድን ተንዶ 33 ሰዎች በ700 ሜትር ያህል ጥልቀት ተቀብረው ሳሉ ከ69 ቀን በኋላ ሁሉም በሕይወት ሲወጡ ዓለም በሙሉ አለቀሰ። በዚያው ዓመት በኒው ዚላንድ በፓይክ ሪቨር የድንጋይ ከሰል ማዕድን ውስጥ ግን 29 ሰዎች በፍንዳታ ሞቱ። ሰው እንዲገባ መፍቀድ አደገኛ ስለ ነበር ከሩቅ የሚታዘዝ የጦር ሠራዊት መኪና አስገቡ፤ እርሱም ውሃ ነክቶት ከመንገድ ቀረ። ከዚያም በኋላ ጉድጓዱ ዳግመኛ ፈነዳ።

ስለዚህ ሰው ከእንዲህ ያለ ጉድጓድ ይውጣ፤ ብረትም በእርሱ ፈንታ ይግባ ቢባል፣ ልቡና ያለው ሰው ሁሉ «አሜን» ይላል። እኔም እላለሁ። ነገር ግን ደግ ነገር ሁሉ ጠባቂ ያስፈልገዋል፤ ጠባቂ ያጣ ደግ ነገር ውሎ አድሮ ለክፉ ነገር መደበቂያ ይሆናል። ይህን የምለው በሁለት ምክንያት ነው።

የመጀመሪያው ምክንያት፣ መሣሪያ የሰውን ሥጋ ከአደጋ ያርቃል እንጂ የሰውን ልብ አያቀናም። እንግሊዛዊው ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ለቈፋሪዎች የማትፈነዳ ፋኖስ ሠራላቸው። ነበልባሏ በቀጭን የሽቦ ወንፊት የተከበበ ስለ ሆነ በውጭ ያለውን ተቀጣጣይ ጋዝ አትለኩስም። ይህች ፋኖስ ስንት ነፍስ ባዳነች! ነገር ግን አንዳንድ የማዕድን ባለቤቶች ፋኖሷን ባገኙ ጊዜ፣ ቀድሞ በጋዝ ብዛት ተዘግተው ወደ ነበሩት ጉድጓዶች ሰው ማስገባት ጀመሩ። አደጋውም እንደ ታሰበው አልቀነሰም። ለማዳን የተሠራው መሣሪያ ይበልጥ ለመድፈር ምክንያት ሆነ ማለት ነው።

በኛም ዘመን ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በአሜሪካ የከሰል ማዕድን ቈፋሪውን መኪና ከላዩ ወርዶ በእጅ በሚያዝ ሣጥን ማዘዝ በተጀመረ ጊዜ፣ አዛዡ ከመኪናው ጎን ቆሞ ይሠራ ነበር። ጥቂት ራቅ በማለቱ ከጣራ ናዳ ዳነ፤ ነገር ግን መኪናው ሲዞር ከግድግዳ ጋራ ያጣበቃቸውና የገደላቸው ሰዎች ነበሩ። የአገሩ መንግሥት በ2015 መኪናው ሰው ሲቀርበው ራሱ የሚቆምበት መሣሪያ እንዲገጠምለት በሕግ አዘዘ። ልብ በሉ፤ ብልሃቱ ሕግንና ጥንቃቄን ካላስከተለ ሞትን ከአንድ በር አስወጥቶ በሌላው በር ያስገባዋል። የፓይክ ሪቨርንም አደጋ የመረመረው ኮሚሲዮን በ2012 እንደ ገለጸው፣ በጉድጓዱ ውስጥ ሚቴን የተባለው ጋዝ መብዛቱን የሚያሳይ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ተሰጥቶ ነበር፤ ሰሚ አላገኘም እንጂ።

ሁለተኛው ምክንያት ርቀት ነው። «ካይን የራቀ ከልብ ይርቃል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህን ሲሉ ስለ ወዳጅ ነው፤ ነገር ግን ስለ ኃላፊነትም ቢሆን ይሠራል። በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ አስተማሪያችን የንጉሥ ዳዊትንና የኦርዮን ታሪክ ሲነግሩን ያስገረመኝ ነገር ዛሬም ያስገርመኛል። ዳዊት ኦርዮንን ሲያስገድል ሰይፍ አልመዘዘም። ከኢየሩሳሌም ከቤቱ እንኳ አልወጣም። ጦርነቱ ወዳለበት ወደ ራባ አንድ ደብዳቤ ላከ፤ ደብዳቤውንም የተሸከመው የሚሞተው ሰው ራሱ ነበር። ኦርዮ ውጊያው በበረታበት ቦታ ቆመ፤ ሞተም። የገደለው የጠላት ፍላጻ ነበር፤ ያቆመው ኢዮአብ ነበር፤ ዳዊት ግን እጁ ንጹሕ ነበር። ነቢዩ ናታን መጥቶ የአንዲቱን በግ ምሳሌ እስከ ነገረው ቀን ድረስ ዳዊት ያጠፋው ጥፋት አልታየውም። ናታን ምን አደረገ? ሩቅ የነበረውን ነገር አቀረበው፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ንጉሡም ባየው ጊዜ በደሉን አመነ።

እንግዲህ የማዕድን መኪናን ከሩቅ የሚያዝዝ ሠራተኛ እንደ ዳዊት ነው ማለቴ አይደለም፤ ይህን ብል ስድብ ይሆናል። ርቀት ሁልጊዜ ክፉ አይደለም፤ አንዳንድ ጊዜ ያሰክናል። በኖቬምበር 2018 በዚያው በፒልባራ፣ ቢኤችፒ የተባለው ሌላ ኩባንያ 268 ፉርጎ የሚጐትት ባቡሩን አጣ። ነጂው አንድ ነገር ሊመረምር በወረደበት ጊዜ ባቡሩ ራሱን ችሎ ተነሣና 92 ኪሎ ሜትር ያህል ሰው ሳይኖርበት ጋለበ። በፐርዝ ያሉት ተቈጣጣሪዎች ብረት ከነጭነቱ፣ ሐዲድ ከነሥራው እንደሚጠፋ እያወቁ፣ ሰው ወዳለበት ሳይደርስ ሐዲዱን አስቀይረው ሆን ብለው ገለበጡት። አንድም ሰው አልተጎዳም። እነዚህ ሰዎች በሩቅ ሆነው ያላዩትን ሰው አሰቡ። የሩቅ እጅ እንዲህም ያለ ምሕረት ማድረግ ይችላል።

ነገር ግን በዚያው ምድር ሌላም ታይቷል። በሜይ 2020 በጁካን ገደል፣ ሰው ከ46,000 ዓመት በፊት ይጠለልባቸው እንደ ነበር የታወቁ የድንጋይ ዋሻዎች ለብረት ማዕድን ሲባል በፈንጂ ተደረመሱ። የአገሩ ባለቤቶች ፑቱ ኩንቲ ኩራማና ፒኒኩራ የተባሉት ሕዝቦች የአባቶቻቸው ስፍራ መሆኑን ነግረው ነበር። ለማፍረሱ ሕጋዊ ፈቃድ ስለ ነበረ የሪዮ ቲንቶ ሥራ ቀጠለ። በኋላ ጩኸቱ በዓለም ሲሰማ የኩባንያው ዋና ሥራ አስኪያጅና ሁለት ሹማምንቱ ሥራቸውን ለቀቁ። ፈቃዱ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር። ዋሻው ግን አይመለስም።

«በወረቀት ላይ ትክክል ነበር» ብዬ ስጽፍ እጄ ተንቀጠቀጠ። ስለ ሌላው ሰው ጥፋት ስናገር ቈይቼ የራሴን ብደብቅ ግብዝ እሆናለሁና አሁን የራሴን እነግራችኋለሁ።

በወሎ በደላንታ አካባቢ በ2008 ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘ። በሰንጠረዥ ያማረ፣ በውስጡ ቀስተ ደመና የያዘ የሚመስል ድንጋይ ነው። የሚገኘው በገደል ወገብ ላይ ነው፤ ሰዎችም በዶማና በመሮ እየፈለፈሉ ጠባብ ዋሻ ሠርተው ይገባሉ። ጣራውን የሚደግፍ እንጨት ብዙ ጊዜ የለም። እኔ በዚያ ዘመን በወሎ ደጋ በአንድ ትምህርት ቤት ዲሬክተር ነበርሁ። ተማሪዎች ከክፍል እየቀሩ ወደ ገደሉ መሄድ ጀመሩ። ደንቡ ከተወሰነ ቀን በላይ ያለ ፈቃድ የቀረ ተማሪ ከመዝገብ ይሰረዛል ይላል። ጸሓፊው የስም ዝርዝር አዘጋጅቶ ከደብዳቤ ጋራ አቀረበልኝ፤ 11 ስም ነበረበት። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ ፈረምሁ። ደብዳቤው በበሩ ላይ ተለጠፈ። እኔ አንዱንም ልጅ ጠርቼ «ልጄ፣ ምን ሆነህ ቀረህ?» ብዬ አልጠየቅሁም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በመናኸሪያ አውቶቡስ ስጠብቅ፣ በክራንች የሚሄድ አንድ ወጣት ማስቲካና ሶፍት እያዞረ ሲሸጥ አየኝና ዝቅ ብሎ እጅ ነሣኝ። «ጋሼ፣ ደኅና ነዎት? አላወቁኝም መሰለኝ» አለ። አላወቅሁትም። ስሙን ሲነግረኝ ስሙን አስታወስሁ፤ በዝርዝሩ ላይ 7ኛው ነበር። አባቱ ሞቶ እናቱ ታማ ስለ ነበር ለመድኃኒቷ ሲል ለጥቂት ሳምንት ሊቈፍር ሄደ። መድኃኒቱን ገዝቶ ተመልሶ ሲመጣ ዘበኛው ደብዳቤውን አሳየው። እንደ ገና ወደ ገደሉ ሄደ፤ አሁን ግን ለሳምንት አልነበረም። አንድ ቀን ዋሻው ተናደ። ጓደኛው ውስጥ ቀረ፤ እሱ አንድ እግሩን ትቶ ወጣ።

አልወቀሰኝም። ቢወቅሰኝ ኖሮ በቀለለኝ። ነገር ግን አንድ ቃል ተናገረ፤ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። «ደብዳቤው የርስዎ ፊርማ ነበረበት፤ እኔ ግን ጋሼ ሳያዩት የፈረሙት ነው ብዬ አሰብሁ» አለኝ።

ልጁ ይህን ያለው በደግነቱ ነው። የሚያውቀው አስተማሪ እያየው እንዲህ ያደርግብኛል ብሎ ማመን አልቻለም። እውነትም አላየሁትም፤ ወረቀቱን አየሁ እንጂ እሱን አላየሁትም። ከቢሮዬ እስከ ክፍሉ ድረስ ያለው መንገድ 50 እርምጃ አይሞላም ነበር። ስለ 1500 ኪሎ ሜትር ርቀት ከመፍረዴ በፊት ስለ እነዚያ 50 እርምጃዎች መጠየቅ ይገባኛል። በዚያን ቀን ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር እንዳልሆነ ተማርሁ። የሩቁን ሰው ያሰበ ቅርብ ነው፤ የጎረቤቱን ፊት ያላየ ሩቅ ነው።

ይህን ታሪክ ለወንድሜ ልጅ ነገርሁት፤ ከዚያም፣ «እስቲ አንድ ነገር ንገረኝ። ያ ከሩቅ የሚታዘዝ መኪናህ በዚያ ዘመን ወደ ደላንታ ገደል መጥቶ ቢሆን ኖሮ ልጁ እግሩን ባላጣም ነበር። ነገር ግን የእናቱን መድኃኒት በምን ይገዛ ነበር?» ብዬ ጠየቅሁት።

ልጁ ጥቂት ዝም አለ። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ብቻ የሚነሣ አይደለም። ማዕድን ባለበት ሁሉ አደጋና እንጀራ ባንድ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠዋል። አደጋውን ላውጣ ያለ ሰው እንጀራውንም አብሮ ሊያወጣው ይችላል። የማዕድን ባለቤት ሰዎችን ከጉድጓድ ያወጣሁት ለሕይወታቸው አስቤ ነው ሲል፣ ከወጡ በኋላ የት እንደ ደረሱ ካልጠየቀ፣ ያሰበው ለሕይወታቸው ነው ወይስ ለደመወዛቸው? ሁለቱንም አስቦ ሊሆን ይችላል፤ ትርፍ መፈለግ ብቻውን ኃጢአት አይደለም። ግን የሚለየው ከዚያ በኋላ በሚያደርገው ነው። «አዳንሁህ» ብሎ ከጉድጓድ አውጥቶ በመንገድ ላይ የሚጥል ሰው ማዳኑን በግማሽ ትቶታል። ደግሞም «እንጀራቸውን እንዳያጡ» በሚል ሰበብ ሰውን በሚናድ ዋሻ ውስጥ እየተዉ ዝም ማለት ከዚያ የባሰ ነው። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚባለው ይህ ነው፤ ራሱ ከማይገባበት ጉድጓድ ውስጥ ሌላው ይቈይ ብሎ መፍረድ ቀላል ነውና።

የወንድሜ ልጅ ከዝምታው በኋላ፣ «ጋሼ፣ ቢማር ኖሮ እኮ መኪናውን የሚያዝዘው እሱ ራሱ ይሆን ነበር። አሁንም ቢሆን በአንድ እግሩ ያ ወንበር ላይ መቀመጥ አያቅተውም» አለኝ።

መልሱ ትክክል ነበር፤ ትክክል በመሆኑም አቈሰለኝ። ከጉድጓዱ እስከ ወንበሩ የሚያደርሰው ድልድይ ትምህርት ነው። ያንን ድልድይ በአንድ ፊርማ የሰበርሁበት እኔ ነኝ። ስለ አውስትራልያ ባለጸጎች ልጽፍ ተነሥቼ በመጨረሻ ጣቴ ወደ ራሴ ተመለሰ። ናታን ወደ ዳዊት በመጣ ጊዜም እንዲህ ሳይሆን አልቀረም።

ወጣቶች ሆይ፣ እናንተ ከኛ ይልቅ ብዙ ሥራ በሩቅ የምትሠሩ ትውልድ ናችሁ። ከመካከላችሁ መሐንዲስ የሚሆን አለ፤ በማታዩት ምድር ያለውን መኪና በጣታችሁ ታዝዛላችሁ። ዳኛ፣ የባንክ ሹም፣ የመንግሥት ጸሓፊ የሚሆንም አለ፤ በማታውቁት ሰው ኑሮ ላይ ትፈርማላችሁ። ስለዚህ ከአንድ ከወደቀ ሰው ሦስት ምክር ተቀበሉ።

አንደኛ፣ «መኪናው ነው ያደረገው»፣ «ደንቡ ነው ያለው» አትበሉ። ዱላ ብቻውን ሰው መትቶ አያውቅም። መኪናውን የሠራ፣ የገዛ፣ ያዘዘ፣ ያየውንም ጉድለት ሳይናገር የቀረ ሰው አለ። ደንብም ሲጻፍ የጻፈው ሰው ነው፤ ሲፈጸምም የሚፈጽመው ሰው ነው። ኃላፊነት ለብዙ ሰው ሲከፋፈል የሚያንስ አይምሰላችሁ፤ ለ10 ሰው የተከፋፈለ እንጀራ ያንሳል፤ ለ10 ሰው የተከፋፈለ በደል ግን በእያንዳንዱ ላይ ሙሉ ነው።

ሁለተኛ፣ ከመፈረማችሁ ወይም ከማዘዛችሁ በፊት በዚያኛው ጫፍ ያለውን ሰው አስቡት። ስሙ ማን ነው? ዛሬ ምን በላ? ይህ ነገር ሲደርስበት በማን ቤት ይለቀሳል? ሄዳችሁ ማየት ከቻላችሁ ሂዱ፤ 50 እርምጃ ከሆነ ምክንያት የላችሁም። ሄዳችሁ ማየት ካልቻላችሁ የሚያይላችሁን ሰው ጠይቁ፤ የነገራችሁንም ስሙ። የፓይክ ሪቨር ሰዎች የሞቱት የሚያይ ሰው ጠፍቶ አልነበረም።

ሦስተኛ፣ አንድን ሰው ከአደጋ ስታወጡ ወዴት እንደምታወጡት አስቡ። መኪናው ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት የቈፋሪው ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ይግባ፤ ቈፋሪውም ሌላ ሥራ ይማር። «ሳይደርቅ በርጥቡ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደሚባለው፣ ይህ አስቀድሞ የሚደረግ ነገር ነው፤ ሰውየው መንገድ ላይ ከወደቀ በኋላ የሚደረግለት ግን ምጽዋት ነው።

ስለዚያ ወጣት መጨረሻ ሳልነግራችሁ ብቀር ቅር ትሰኛላችሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በሳምንት ሁለት ማታ ወደ ቤቴ ይመጣል። ሒሳብና እንግሊዝኛ አስተምረዋለሁ፤ ከእርሱም ጋራ ሌሎች ሦስት ልጆች ይመጣሉ። ለፈተና ለመቀመጥ እየተዘጋጀ ነው። ይህን የምነግራችሁ ዕዳዬን ከፈልሁ ለማለት አይደለም፤ እግር በሒሳብ ትምህርት አይተካም፤ በዋሻው ውስጥ የቀረው ጓደኛውም አይነሣም። ከ11ዱ ልጆች የ10ሩን ፊት እስካሁን አላየሁም። ያሉበትን እየጠየቅሁ ነው።

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ያሳየኝን ተንቀሳቃሽ ሥዕል ለርሱም አሳየሁት። ነጂ የሌለውን መኪና ብዙ ጊዜ ተመለከተ፤ ከዚያም፣ «ጋሼ፣ የሚያዝዙት ሰዎች በመንገዱ ላይ ሰው ቢኖር ያዩታል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ያዩታል አሉ፤ መኪናውም ይቆማል» አልሁት።

«ደግ ነው» አለና ወደ ደብተሩ ተመለሰ።